ሁለት የሰባኪ ልጆችና የአስመራው ቆጣሪ

ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ከጄኔቭ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ሰርን የተባለ የምርምር ማዕከል፣ ሳይንቲስቶች ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲፈልጉት የኖሩትን የሂግስ ቅንጣት የሚመስል አዲስ ቅንጣት ማግኘቱን አስታወቀ። ዜናው እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ስሙን ለውጦ ነበር። «የእግዚአብሔር ቅንጣት ተገኘ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ይህን ስም በመድረክ ላይ በሁለት መልክ ሲነገር ሰምቼዋለሁ። አንዱ ሰባኪ «እነሆ ሳይንስ በመጨረሻ ፈጣሪን አገኘው» ብሎ ጉባኤውን አሜን ያሰኝበታል፤ ሌላው «ሰዎች እግዚአብሔርን በማሽን ሊተኩት ተነሡ» ብሎ ያስፈራራበታል። ሁለቱም ስሙን ብቻ ይዘው ነው የሮጡት።

ስሙ የመጣው ከአንድ መጽሐፍ ሽፋን ነው። የኖቤል ተሸላሚው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ሊዮን ሌደርማን በ1993 እ.ኤ.አ. ለታተመው መጽሐፉ ርዕስ አደረገው። ቅንጣቱ አልገኝ ብሎ ስላስቸገረ «የተረገመው ቅንጣት» ሊለው ፈልጎ አሳታሚው እንዳልፈቀደለት በቀልድ ተናግሯል። ቅንጣቱ በስሙ የተጠራለት ፒተር ሂግስ ደግሞ ይህን ቅጽል ስም አይወደውም ነበር። ነገሩ ራሱ፣ ማለትም የዓለም ጥቃቅን ክፍሎች መጠነ ቁሳቸውን ከየት አገኙት የሚለው ጥያቄ፣ እጅግ ያስደንቃል። ለስብከት የሚሆን ምስክርነት ግን ከዚያ ቤተ ሙከራ አልወጣም።

እንዲህ ያለው ችኮላ በእኛ አልተጀመረም። ከዛሬ ዘጠና ዓመት በፊት የሳይንስን ግኝት ለእምነቱ ማስረጃ ለማድረግ የቸኮለው ሰው የገጠር ሰባኪ ሳይሆን የኖቤል ተሸላሚ ነበር። ክርክሩን ከዳኙት መሣሪያዎች አንዱ ደግሞ የተተከለው አስመራ ላይ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ኮስሚክ ጨረር ስንማር የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች ስም ይደጋገም ነበር፤ የአስመራን ስም ያገኘሁት ከተመረቅሁ በኋላ በራሴ ሳነብ ነው። ለእናንተም ላካፍላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከላይ የሚመጣው ጨረር

በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሳይንቲስቶችን የሚያስቸግር አንድ ትንሽ ነገር ነበር። የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚለካ መሣሪያ፣ በደንብ ተዘግቶና ጨረር ከሚያወጣ ነገር ሁሉ ርቆ ቢቀመጥም፣ ቀስ በቀስ ቻርጁን ያጣል። የማይታይ ነገር ግድግዳውን ዘልቆ ይገባል ማለት ነው። ብዙዎች ከምድር ድንጋዮች የሚወጣ ጨረር ነው ብለው አሰቡ። ከምድር ከሆነ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር መቀነስ አለበት። ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ ኦገስት 7 ቀን 1912 በትልቅ ፊኛ ተሳፍሮ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ። መሣሪያዎቹ ያሳዩት ተቃራኒውን ነበር፤ ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩ በረታ። በዚያው ዓመት በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜም ወጥቶ ነበር፤ ፀሐይ ስትሸፈን ጨረሩ አልቀነሰም። ስለዚህ ምንጩ ምድርም ፀሐይም አይደለም፤ ከዚያ የራቀ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የሰባኪ ልጅ ይገባል። ሮበርት ሚሊካን አሜሪካዊ ነው፤ አባቱ የኮንግሪጌሽናል ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበር። የኤሌክትሮንን ቻርጅ በትክክል በመለካቱ በ1923 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሄስ ያለውን በመጀመሪያ አላመነም። በኋላ ግን መሣሪያዎቹን በተራራ ሐይቆች ውስጥ እያሰጠመ ራሱ ለካና አመነ፤ «ኮስሚክ ጨረር» የሚለውን ስም ያወጣለትም በ1925 እሱ ነው። ሚሊካን ሳይንስና እምነት አይጣሉም ብሎ በአደባባይ የሚናገር፣ ስለዚህም የጻፈ ሰው ነበር።

ሚሊካን ይህ ጨረር እንደ ብርሃን ያለ ነገር ነው አለ። በጠፈር ጥልቅ ውስጥ ሃይድሮጅን ተሰባስቦ ከባድ አቶሞች ሲሠሩ የሚፈነጥቅ ብርሃን ነው በማለት «የአቶሞች የመወለድ ጩኸት» ብሎ ጠራው። እኛ ብንሆን «እልልታ» እንለው ነበር። ትርጉሙ ለሚሊካን ከፊዚክስ ያለፈ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ዓለም እንደ ተተወ ምድጃ ቀስ እያለች እየበረደች ነው ይሉ ነበር። ሚሊካን ግን በሰማይ አሁንም አዲስ አቶም እየተወለደ ከሆነ ፈጣሪ ሥራውን አላቆመም ማለት ነው ብሎ አመነ። ጋዜጦችም ይህን በደስታ ተቀበሉት።

እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያ ዘመን ብኖር ይህን ለወጣቶች ፕሮግራም ርዕስ አደርገው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሚሊካን ተንኮለኛ አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም። ግን የወደደው ትርጉም መለኪያውን ቀድሞት ሄደ።

ሁለተኛው የሰባኪ ልጅ አርተር ኮምፕተን ነው። አባቱ የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይና በኦሃዮ የሚገኘው የዉስተር ኮሌጅ ዲን ነበር። ኮምፕተን ራሱ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በዲያቆንነት አገልግሏል፤ የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1927 ነው። ስለዚህ በኋላ የተነሣው ክርክር አማኝና ኢአማኒ ያደረጉት ክርክር አይደለም። በአንድ ዐይነት ቤት ያደጉ፣ ሁለቱም የሚጸልዩ፣ ሁለቱም የኖቤል ተሸላሚ የሆኑ ሰዎች ክርክር ነው።

ማማ ላይ የቆሙ ሦስት ጠባቂዎች

ክርክሩን የለኮሰው ግን ከሁለቱም በዕድሜ በጣም የሚያንስ ጣልያናዊ ነው። ብሩኖ ሮሲ በ1905 በቬኒስ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ በፍሎሬንስ አጠገብ ባለው የአርቼትሪ ኮረብታ ላይ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። በ1929 ሁለት ጀርመናውያን፣ ቦተና ኮልሄርስተር፣ ኮስሚክ ጨረር ብርሃን ሳይሆን ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት ሙከራ አሳተሙ። ሮሲ ይህን እንዳነበበ ወዲያውኑ የተሻለ መሣሪያ መሥራት ጀመረ።

መሣሪያው ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ ስል የመብራት ኃይል ቆጣሪ እንዳይመስላችሁ። የጋይገር ቆጣሪ በውስጡ ጥቂት ጋዝ ያለበት የብረት ቱቦ ነው፤ በመካከሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሰጠው ቀጭን ሽቦ ያልፋል። ቻርጅ ያለው ቅንጣት በጋዙ ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖችን እያላቀቀ ይሄዳል፤ እነዚህ ወደ ሽቦው ይሮጣሉ፤ ቆጣሪውም አንድ «ጠቅ» ይላል። ችግሩ አንድ ቆጣሪ ብቻውን ብዙ ነገር ስለሚቆጥር ነው። ከግድግዳው ድንጋይ የሚወጣ ጨረርም ጠቅ ያሰኘዋል፤ ቅንጣቱ ከየት አቅጣጫ እንደመጣም አይናገርም።

የሮሲን መፍትሔ ለእኛ አካባቢ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በቆሎ ሲያሽት በየማማው ላይ የሚቆሙ ጠባቂዎችን አስቡ። አንዱ ጠባቂ ብቻ ቢጮህ ነፋስ ቅጠል አንቀሳቅሶበት ይሆናል። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሦስት ማማዎች በተከታታይ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ ከጮሁ ግን የዝንጀሮ መንጋ በዚያ መስመር እያለፈ ነው፤ ከየት ወደ የት እንደሚሄድም ታወቀ። ሮሲ ሦስት ቆጣሪዎችን በአንድ መስመር ደረደረና በሬዲዮ ቱቦ በሠራው ዑደት አገናኛቸው። ዑደቱ ሦስቱም በአንድ ቅጽበት «ጠቅ» ካላሉ አይመዘግብም። ይህን በ1930 አሳተመ። እንዲህ የተደረደሩ ቆጣሪዎች «ቴሌስኮፕ» ተባሉ፤ ወደፈለጋችሁት አቅጣጫ ልታዞሯቸው ትችላላችሁና። ዛሬ በሰርን ያሉት ባለብዙ ሺህ ቶን መመርመሪያዎችም ይህንኑ ሐሳብ ይጠቀማሉ፤ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ምልክቶች መካከል የአንድ ክስተት የሆኑትን የሚለዩት በጊዜ እየገጣጠሙ ነው።

ሮሲ በዚህ መሣሪያ ጨረሩን በእርሳስ ክምር ውስጥ አሳለፈው። 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን እርሳስ ካለፉት ቅንጣቶች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት አንድ ሙሉ ሜትር እርሳስም አለፉ። በዚያን ጊዜ የሚታወቅ ምንም ነገር እንዲህ አያደርግም ነበር።

በኦክቶበር 1931 ኤንሪኮ ፌርሚ በሮም በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ሮሲ ስለ ኮስሚክ ጨረር የመግቢያ ንግግር እንዲያደርግ ጋበዘው። ሮሲ 26 ዓመቱ ነው። ፊት ለፊቱ ሚሊካንና ኮምፕተን ተቀምጠዋል። ተነሥቶም የሚሊካን ትርጉም ከመለኪያው ጋር እንደማይስማማ አንድ በአንድ አስረዳ። ሮሲ በኋላ እንደተረከው ሚሊካን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን እንደሌለ ቆጠረው። ኮምፕተን ግን ወደ ኮስሚክ ጨረር ምርምር የገባው ያንን ንግግር ሰምቶ መሆኑን ከጊዜ በኋላ ነግሮታል። አንድ ንግግር ነው፤ የሰሙት ሁለት የሰባኪ ልጆች ናቸው።

ምድር ራሷ ማግኔት ናት

ኮምፕተን የያዘው መንገድ ይህ ነው። ጨረሩ ብርሃን ከሆነ ማግኔት አያጣምመውም። ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ከሆኑ ግን የምድር ማግኔታዊ ኃይል ያጣምማቸዋል፤ በምድር ወገብ አካባቢ ብዙዎቹን ስለሚመልሳቸው እዚያ ቁጥራቸው ያንሳል፤ ወደ ዋልታዎቹ ይበዛል። ሆላንዳዊው ያኮብ ክላይ ከጃቫ ወደ አገሩ በመርከብ ሲመለስ ይህን የሚመስል ልዩነት አስቀድሞ አይቶ ነበር። ኮምፕተን በ1932 በብዙ የዓለም ክፍሎች ቡድኖችን አሰማራ፤ ራሱም ረጅም ጉዞ አደረገ። ሥራው ቀላል አልነበረም። አለን ካርፕና ቴዎዶር ኮቨን የተባሉ ሁለት ሰዎች በአላስካ ትልቁ ተራራ ላይ ጨረሩን ሊለኩ ወጥተው በበረዶው ላይ ሞተዋል።

ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ጨረሩ ይቀንሳል። በ1932 ዓመት መጨረሻ በአትላንቲክ ሲቲ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተጋጠሙ፤ ክርክሩም በማግስቱ በኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጣ። ሚሊካን ወዲያው አልተሸነፈም። የእሱ ሰዎች የለኩባቸው ቦታዎች ልዩነቱን በደንብ የሚያሳዩ አልነበሩም፤ የሌላውን መለኪያም ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት።

የቀረ ሌላ ጥያቄ ነበር። ቅንጣቶቹ ቻርጅ ካላቸው ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ? ለዚህ ሮሲ በ1930 መላ ጽፎ ነበር። በምድር ወገብ አካባቢ የምድር ማግኔት ወደ ሰሜን ያመለክታል፤ ይህን በማንኛውም ኮምፓስ ታዩታላችሁ። ከላይ የሚወርድ ፖዘቲቭ ቅንጣት በዚህ ማግኔት ውስጥ ሲያልፍ ወደ ምሥራቅ ይገፋል። ስለዚህ ከታች ሆኖ ለሚመለከት ከምዕራብ በኩል እንደመጣ ይታየዋል። ኔጌቲቭ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው። እንግዲህ ቴሌስኮፑን አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ማዘንበልና የሚበዛው ከየት እንደሆነ መቁጠር ይበቃል። ሮሲ በፍሎሬንስ ሞክሮት ልዩነት ማየት አልቻለም፤ አገሩ ከምድር ማግኔት ወገብ ይርቃል። የሚያስፈልገው ለወገቡ የቀረበ፣ አየሩ የሳሳ ከፍ ያለ ቦታ ነው።

ኢጣልያ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ በእጇ ነበራት። አስመራ 2,370 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ለምድር ማግኔት ወገብም ትቀርባለች። ይህ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግቢ ማግኔት የሚለካ የምርምር ጣቢያ ያቋቋመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። ለእኛ ለወንጌላውያን ኤርትራ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን የስዊድን ሚስዮንና በእምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው አናሲሞስ ነሲብ ነው። የኮስሚክ ጨረር ታሪክ ግን በዚያው ደጋ ላይ አንድ ምዕራፍ አለው።

በ1933 ሮሲና ባልደረባው ሰርጂዮ ደ ቤኔዴቲ ቆጣሪዎቻቸውን፣ ባትሪዎቻቸውንና የሬዲዮ ቱቦዎቻቸውን ጭነው በመርከብ ወደ ኤርትራ መጡ። ያን ጊዜ አንድ መራራ ዜና ነበራቸው። ቶማስ ጆንሰን፣ እንዲሁም ኮምፕተንና ሉዊስ አልቫሬዝ የተባለው ተማሪው፣ በሜክሲኮ ሲቲ ተመሳሳይ ሙከራ ሠርተው ቀድመዋቸው አሳትመዋል። የአልቫሬዝን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ሮሲ ሐሳቡን ከሦስት ዓመት በፊት ራሱ ጽፎ ሳለ በመቀደሙ በጣም አዝኗል። ቢሆንም አልቀረም፤ መጣ፣ ቴሌስኮፑን ተከለ፣ ቆጠረ።

መቁጠር ስል ደግሞ በእውነት መቁጠር ነው። ቆጣሪዎቹን ከሽቅብ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ወደ ምዕራብ ማዞር፣ መጠበቅ፣ መመዝገብ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ማዞር፣ መጠበቅ፣ መመዝገብ። ደግሞ ከመጀመሪያው። በሜክሲኮ ልዩነቱ አሥር በመቶ ገደማ ነበር። በአስመራ ከምዕራብ የሚመጣው ከምሥራቅ ከሚመጣው በ26 በመቶ ያህል በለጠ። የማያጠራጥር ነው። ኮስሚክ ጨረር በአብዛኛው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቅንጣት ነው። ብዙዎች ኤሌክትሮን ይሆናል ብለው ይጠብቁ ስለነበር ይህ ራሱ አስገራሚ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኛው ፕሮቶን፣ ማለትም የሃይድሮጅን አስኳል፣ መሆኑ ታወቀ። ብርሃን የሚለው ሐሳብ ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር የመወለድ ጩኸቱ። የፈጣሪ ሥራ ግን አልወደቀም፤ መጀመሪያውኑ በዚያ ጨረር ላይ አልቆመም ነበርና።

የንብ መንጋ

በአስመራ ሌላም ነገር ታየ፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጥመኛል። መሣሪያቸው በትክክል መሥራቱን ሲፈትኑ ቆጣሪዎቹን ከመስመር አውጥተው አራርቀው ያስቀምጧቸው ነበር። ተራርቀው ከተቀመጡ አንድ ቅንጣት ሁሉንም ሊያገኛቸው አይችልም፤ ስለዚህ አብረው «ጠቅ» ማለት የለባቸውም። እነሱ ግን በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ አብረው ጠቅ ይላሉ። እንደ ስህተት ቆጥሮ ማለፍ ቀላል ነበር። ሮሲ ግን ጻፈው፤ አልፎ አልፎ በጣም ሰፊ የሆነ የቅንጣቶች መንጋ በአንድ ጊዜ በመሣሪያዎቹ ላይ ይወርዳል አለ። የተጠቀመበት የጣልያንኛ ቃል «ሻሜ» ነው፤ በአገሩ የንብ መንጋ የሚጠራበት ቃል ነው። የካፋ ሰው ይህን ምስል ሳይነገረው ይረዳዋል፤ ከቀፎ የወጣ መንጋ ተዘርግቶ ሲመጣ አንዲት ንብ ሳይሆን ሰማዩ ነው የሚመጣው። ነገሩን ለመከታተል ጊዜ አልነበረውም። ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ በ1938 ለብቻው ደረሰበትና በሰፊው አጠናው።

አንድ ኃይለኛ ፕሮቶን ከአየር ጋር ሲጋጭ ስብርባሪዎቹ ሌሎችን እየመቱ ይባዛሉ፤ በመጨረሻም መሬት ላይ የሚደርሰው በኪሎ ሜትር የሚለካ መንጋ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በአርጀንቲና፣ ማላርጉዌ በተባለች ከተማ አጠገብ፣ በኦዤ ስም የተጠራ መመርመሪያ አለ። ምን ይመስላል ብትሉ፣ ሮቶ ነው። ከ1,600 በላይ የፕላስቲክ የውሃ ታንከሮች እያንዳንዳቸው 12,000 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይዘው በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት በሜዳው ላይ ተዘርግተዋል፤ የሸፈኑት ቦታ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የካፋ ዞንን ሩብ ይበልጣል። ቅንጣቶቹ በጨለማው ውሃ ውስጥ ሲያልፉ ደካማ ሰማያዊ ብልጭታ ያወጣሉ፤ በውስጡ ያሉ መብራት ለቃሚ መሣሪያዎች ይህን ያያሉ፤ በርካታ ሮቶዎች በአንድ ቅጽበት ካዩ መንጋ ወርዷል። በ2017 ተመራማሪዎቹ ከሁሉ ይበልጥ ኃይለኛ የሆኑት ቅንጣቶች ከእኛ ጋላክሲ ውጭ እንደሚመጡ የሚያሳይ ማስረጃ አሳተሙ። በ1991 በዩታ አንድ ቅንጣት ከሚታሰበው በላይ ኃይል ይዞ ሲመዘገብ ሳይንቲስቶቹ «ወይ አምላኬ ቅንጣት» አሉት። ይህንንም ማንም ስብከት እንዳያደርገው እለምናለሁ፤ የደነገጠ ሰው አፍ ላይ የመጣ ቃል ነው።

የሮሲ ነገር እንዴት ሆነ? አስመራ ላይ ከቆጠረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 1935፣ የሙሶሊኒ ጦር ከዚያው ከኤርትራ ተነሥቶ መረብን ተሻገረ። በሳይንቲስት ቴሌስኮፕና በጦሩ መካከል ግንኙነት አለ ማለቴ አይደለም፤ ሮሲ ወደ አስመራ ሊመጣ የቻለው ግን ባንዲራው ቀድሞት ስለተተከለ መሆኑን መርሳት አይገባም። ያው መንግሥት በ1938 የዘር ሕግ አወጣ፤ ሮሲም አይሁዳዊ በመሆኑ ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተባረረ። ደ ቤኔዴቲም ተሰደደ። ሮሲ በኮፐንሃገንና በማንችስተር አልፎ ወደ ቺካጎ ሄደ። በዚያ ከተቀበሉት አንዱ በሮም ጉባኤ ንግግሩን ያደመጠው ኮምፕተን ነበር።

ድንጋይ ውስጥ ማየት

አልቫሬዝን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። በሜክሲኮ ሲቲ ቆጣሪ ያዞር የነበረው ተማሪ በ1968 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በእነዚያው ዓመታት አንድ ያልተለመደ ሐሳብ ይዞ ወደ ግብፅ መጣ። ከመንጋው ስብርባሪ መካከል ሚዩኦን የሚባል ቅንጣት አለ፤ ድንጋይን ዘልቆ ያልፋል፤ የሮሲን እርሳስ ያለፈውም እሱ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ይወርዳል፤ ዋጫ ላይ ሆናችሁ ይህን መጽሔት የያዘውን መዳፋችሁን በደቂቃ ከመቶ በላይ ሚዩኦኖች እየዘለቁት ነው፤ ምንም አይሰማችሁም። ድንጋዩ ሲወፍር የሚያልፉት ይቀንሳሉ፤ በመካከሉ ባዶ ክፍል ካለ በዚያ አቅጣጫ ይበዛሉ። ስለዚህ ከፒራሚድ ሥር ቁጭ ብሎ የሚወርዱትን በየአቅጣጫው መቁጠር፣ ድንጋዩን ሳይነኩ ውስጡን ማየት ነው።

አልቫሬዝ ከግብፃውያንና ከአሜሪካውያን ባልደረቦቹ ጋር መሣሪያውን በካፍሬ ፒራሚድ ሥር ባለው ክፍል ተከለ። የ1967ቱ ጦርነት ሥራውን ቢያቋርጠውም ተመልሰው ቀጠሉ፤ ውጤቱን በ1970 አሳተሙ። በመረመሩት የፒራሚዱ ክፍል ውስጥ የተሰወረ ክፍል የለም። ሰዎች «ክፍል አላገኛችሁም» ሲሉት አልቫሬዝ ያርማቸው ነበር፤ እኛ ያገኘነው ክፍል አለመኖሩን ነው ይል ነበር። የዚህ ልዩነት ገብቶት የሚናገር ሰው ጥቂት ነው።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ2017 የጃፓን፣ የፈረንሳይና የግብፅ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በትልቁ በኩፉ ፒራሚድ ላይ በሦስት ዐይነት መመርመሪያ ቆጠረ። አንደኛው ቅንጣት ሲያልፍበት ፈለጉን እንደ ፎቶግራፍ ፊልም የሚይዝ ነው፤ ሁለተኛው ቅንጣት ሲነካው ብልጭ የሚል ፕላስቲክ ነው፤ ሦስተኛው ጋዝ ያለበት፣ የሮሲ ቱቦ የልጅ ልጅ የሚባል ነው። ሦስቱም ተለያይተው ቆጥረው አንድ ቦታ አመለከቱ፤ ከታላቁ መተላለፊያ በላይ ቢያንስ 30 ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ ቦታ አለ። በ2023 ደግሞ በሰሜኑ ፊት ከመግቢያው በስተኋላ 9 ሜትር ርዝመት ያለው ኮሪደር መኖሩን አረጋገጡ። በዚህኛው በድንጋዮቹ መካከል ባለ ክፍተት ቀጭን ካሜራ አስገብተው በዓይናቸው አዩት፤ ጣሪያው እንደ ጎጆ ጣሪያ ከሁለት ወገን የተጋደመ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ቆጣሪዎቹ ያሉት ቦታ ላይ፣ ባሉት መጠን ተገኘ።

በአክሱም ሐውልቶች ሥር ስላሉት መቃብሮች ሳስብ ወይም የላሊበላን አለት ስመለከት፣ አንድ ቀን ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ እንዲህ ያለ መመርመሪያ ይዛችሁ ብትወርዱ ብዬ እመኛለሁ። ትልቁን የኩፉ ባዶ ቦታ ግን እስካሁን በዓይኑ ያየው ሰው የለም። ለምን እንደተሠራ አርኪዮሎጂስቶች ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹ ክፍል ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ግንበኞች ክብደት ለማቅለል የተዉት ክፍተት ነው ይላሉ። ሚዩኦኖቹ የሚናገሩት እዚያ ድንጋይ አለመኖሩን ብቻ ነው።